ኋላ የቀረ ጄሪካን

መጋቢት 3፣ ሰኞ ማታ
ዛሬም ቧንቧው ደረቅ። ሁለቱን ጄሪካን ይዤ አዴ ጫልቱ ጓሮ። እኛ ሰፈር ውሃ ማለት የእሳቸው ጉድጓድ ነው። ልማዳችንን ታውቂዋለሽ፣ ማስታወሻዬ። ሰው አይሰለፍም፣ ጄሪካን ነው የሚሰለፈው። ባለቤቱ ጉዳዩን ሲፈጽም፣ እዚያ ያለ ሰው እየገፋ ያስጠጋለታል። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ከሰው የማወራው እዚያ ብቻ ነው። ወንድ ውሃ ሲቀዳ ግማሹን ለጫማው ያጠጣል ብለው አዴ ጫልቱ ያሾፉብኛል። ደስ ይለኛል።

መጋቢት 4፣ ማክሰኞ
የተመረጥኩበት የከተማው ም/ቤት፣ የቋሚ ኮሚቴ ስብሰባ። ረቂቅ ደንቡ መጣ። የከተማችን ውሃ አገልግሎት ሥልጣን ይጨመርልኝ ይላል። የግል ጉድጓድ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሸግ ይፈልጋል። ሥ/አስኪያጁ የከርሰ ምድር ውሃው እየራቀ ነው፣ አንዳንዱም ተበክሏል አለ። ውሸት አይደለም። ከታሸገ በኋላ ሕዝቡ ምን ይጠጣ ብዬ ጠየቅኩ። ቧንቧ በሂደት ይደርሳል አለ። በሂደት የሚባል ውሃ ጠጥቼ አላውቅም። አምስት አባላት ነን፤ አራቱ ሰዓታቸውን ያያሉ። ሰብሳቢዋ ወ/ሮ ሂሩት፣ ጋሼ እባክዎ አያዘግዩን አለችኝ። ም/ቤቱ እስኪወስን የኮሚቴ ወሬ ውጭ አይወራም። ደንብ ነው።

መጋቢት 6፣ ሐሙስ
የመስክ ምልከታ። በውሃ አገልግሎቱ ፒካፕ። ለሽበቴ ክብር ብለው ጋቢና አስቀመጡኝ። የት እንደምንሄድ ያወቅኩት መኪናው አዴ ጫልቱ በር ላይ ሲቆም ነው። ሰፈሩ ሁሉ ጄሪካኑን ይዞ ስወርድ አየኝ። ሠራተኞቹ የጉድጓዱን አፍ ለኩ፣ ክዳኑ ላይ በቀለም ቁጥር ጻፉ። እኔ አካም ቡልተን የምንባባለውን የጠዋት ሰላምታ እንኳን ሳልሰጥ ከእነሱ ጋር ተገተርኩ። አዴ ጫልቱ ቀና ብለው አዩኝ።
«ኦቦ በቀለ፣ ዛሬ ጄሪካን አልያዙም?»
እያሾፉ መስሎኝ ነበር። አልነበረም።

መጋቢት 8፣ ቅዳሜ
ጠዋት ጄሪካኖቼን ወረፋ አስይዤ ገበያ ሄድኩ። ስመለስ እዚያው ናቸው። ከኋላዬ የነበሩት ሁሉ ቀድተው ሄደዋል። ማንም አልገፋልኝም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ጉድጓዱን ሊያሳሽግ መኪና መርቶ መጣ ተብያለሁ ለካ። ባለሱቁ ነው የነገረኝ። ኮሚቴው ውስጥ ምን እንዳልኩ ልናገር አፌ ላይ ደረሰ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።
ኮዬ ፈጬ ለምትኖረው ልጄ ደወልኩ። አውቶቡስ ውስጥ ናት፣ መልሼ እደውላለሁ አለች። አልደወለችም። 

መጋቢት 10፣ ሰኞ
የኮሚቴው የመጨረሻ ስብሰባ። ቧንቧ ሳይደርስ አይታሸግ አልኩ። አራት ለአንድ ወደቀብኝ። ተናድጄ ጠረጴዛ መታሁ፤ አሁን አፍራለሁ። ወ/ሮ ሂሩት ማብረጃ እንዲሆነኝ አንዲት ሐረግ አስገባችልኝ፦ የሰፈሩ ተመራጭ በቦታው ተገኝቶ ካልፈረመ ጉድጓድ አይታሸግም። ለሚያለቅስ ልጅ ከረሜላ። ተቀበልኩ።

መጋቢት 12፣ ረቡዕ
ም/ቤት። የሚደግፍ ሲባል አዳራሹ በሙሉ እጁን አወጣ። የሚቃወም ሲባል የኔ ብቻ። እጅ እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። ጸደቀ፣ ተጨበጨበ። ሻይ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ የለም።
አሁን መናገር ይቻላል ብዬ ቀጥታ ወደ ጉድጓዱ። ስገባ ወሬው ቆመ። ተቃውሜያለሁ አልኳቸው። አዴ ጫልቱ ገመዱን እየጠቀለሉ፣ ታዲያ ጸደቀ አይደል አሉ። ጸደቀ አልኩ። ገመዱን ሰቅለው ወደ ቤት ገቡ።

መጋቢት 15፣ ቅዳሜ
ሥ/አስኪያጁ ደወለ። የመጀመሪያው የአዴ ጫልቱ ጉድጓድ ነው፣ ሰኞ ጠዋት። የሰፈሩ ተመራጭ እርስዎ ነዎት፣ መኪና እንልካለን አለ። ከረሜላዋ ጉሮሮዬ ላይ ቆመች።
ምሳ አልበላሁም። የሚጠይቀኝም የለም።

መጋቢት 17፣ ሰኞ ጠዋት
መኪና አልፈልግም ብያቸዋለሁ። በእግሬ ነው። ሁለቱን ጄሪካን አጥቤ በር ላይ አስቀምጫለሁ።
ሌሊቱን ያቺን ሐረግ ሳመላልስ አደርኩ። ተገኝቶ ካልፈረመ ትላለች። በስንት ሰዓት ይፈርም አትልም። እገኛለሁ፣ ደንብ አክባሪ ነኝ። ግን እኔም ውሃ ቀጂ ነኝ፤ ወረፋዬ ደርሶ ሳልቀዳ እስክሪብቶ አልነካም። ሰልፉ ደግሞ አያልቅም፤ አንዱ ቀድቶ ሲሄድ ሌላው ይመጣል። ነገም እንደዚሁ፣ ከነገ ወዲያም።
ገና ከበሩ ስገባ አካም ቡልተን እላለሁ። ከዚያ አዴ ጫልቱን የምለምናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዛሬም ጄሪካኔን ማንም እንዳይገፋልኝ።