ዶሮህ ከእኔ ጋር ናት

መርሻ፣

ዶሮዬ ጠፋች ብለህ ሠፈሩን እንዳትረብሽ። እኔ ነኝ የወሰድኳት።

ሹፌሩ ጋሽ ጌጡ የገበሬ ማኅበሩን ኤንትሬ የጭነት መኪና ጤፍ ጭነው ወደ ይፋግ ሊወርዱ ነው። በጋራዣችን ደንብ ደግሞ ፍሬን የሠራ ሰው የመጀመሪያውን ቁልቁለት አብሮ ይወርዳል። ጥሩንባ እየነፉብኝ ስለሆነ በጥድፊያ ነው የምጽፍልህ።

ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፤ አሙቀው። ስትወጣ ቁልፉን ጎረቤታችን እቴነሽ ዘንድ ተውልኝ። የቀበሌው ሊቀመንበር «ደሳለኝ ትናንት ከስብሰባ ለምን ቀረ?» ካለህ አሞት ነበር በለው።

አላመመኝም።

ትናንት ምሳ ላይ፣ ጋራዡ ሁሉ እየሰማ፣ «ደሳለኝ ፍሬኑን በሠራው መኪና እንኳንስ ሰው ዶሮዬንም አላሳፍር» አልክ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ግን አንጀቴ አርሮ ነበር። ስለዚህ እናንተ ወደ ስብሰባ ስትሄዱ እልህ ይዞኝ የኤንትሬውን የኋላ ጎማ መልሼ ፈታሁት።

ያየሁትን አልነግርህም። አንተም አትጠይቀኝ።

ዶሮህ አሁን እግሯን ታስራ ጋቢና ውስጥ ጋሽ ጌጡ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ከእኔ ይልቅ እሷ ናት የተዝናናችው። መንገድ ላይ ከጣለች እንቁላሉ የጋሽ ጌጡ ነው፤ ቃል ገብቼላቸዋለሁ። ማታ ስንመለስ ጋራዡ ሁሉ እያየ አንተው ራስህ ከመኪናው ታወርዳታለህ።

ለእሷ አትስጋ። ከአልጋህ ሥር ለክፉ ቀን ያስቀመጥከውን አዲሱን የፍሬን ሸራ ነው የገጠምኩት።

ደሳለኝ