የሣሩ ክረምት

ኅዳር 19 ቀን 1978፣ ደባርቅ

የለም፣ ክረምት አላለፈም፤ የሣሩ ክረምት ገና መምጣቱ ነው። ከፈረንጅ ተተርጉሞ ከአዲስ አበባ የተላከልን የሣር አያያዝ መጽሐፍ «ከክረምት በፊት ማዳበሪያ ስጡ፣ ሣሩን አታሳጥሩ» ሲል የፈረንጅ አገር ብርድ ማለቱ እንደሆነ ለእኔም የገባኝ ዛሬ ነው። እኛ የሜዳው ሠራተኞች የዝናቡ ክረምት መስሎን ማዳበሪያውን ሰኔ ላይ በትነነው ዝናብ ወሰደው። ትናንት ደግሞ የአውራጃው ጓድ አስተዳዳሪ ለውድድር ብለው የኳስ ሜዳውን ሰርዶ እስከ ሥሩ አሳጨዱኝ። ሌሊት ውርጭ ወረደና ሜዳው ጠቁሮ አደረ።

ይህን ስነግራቸው «ከስምንተኛ ክፍል የወጣህ ልታስተምረኝ ነው?» አሉኝ።

«እርስዎ ትምህርት ጨርሰውም ክረምትና በጋ አልለዩም» አልኳቸው።

እዚያው አባረሩኝ። ሥራ የሌለውን ጎረምሳ ቀበሌው ለውትድርና ይወስደዋል፤ ነገ እኔም ጋ ይመጣሉ። ጎንደር ደውዬ ስላጣሁህ ይህን ደብዳቤ ወደዚያ በሚወርድ መኪና ልኬልሃለሁ። ወንድም ጋሼ፣ የምትደብቀኝ ከሆነ ስልክ ቤቱ በር ላይ ነኝ፤ ሳይመሽ ደውልልኝ።