ለቅሶ ቤት ያንኮራፋሁ ሰሞን

ሰኞ

አንኮራፋሁ። እቤቴ ቢሆን ማን ይሰማኝ ነበር! ዘይነባ እናቷን አደ ከድጃን በቀበረች በማግስቱ፣ ሰው ዱዓ እያደረገ፣ እኔ ፍራሽ ላይ ግድግዳ ተደግፌ! ጎረቤቴ አስካለ ጎኔን ስትጎሽመኝ ነቃሁ። ሴቱ ሁሉ እኔን ያያል። አፌም ተከፍቶ ነበር መሰለኝ። ዘይነባ ብድግ ብላ ጓዳ ገባች። ሱቃችን ጎን ለጎን ነው፤ ስንት ዓመት ምሳ አብረን የበላን ሰዎች! ይቅርታ እንኳን ሳልላት ነጠላዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ከለቅሶው ሰፈር፣ ከበቾ ቦሬ፣ በባጃጅ ስመለስ እዚያም ላይ ተኛሁ። ሹፌሩ ነው "እትዬ፣ ደርሰናል" ብሎ የቀሰቀሰኝ።

ትናንት እኮ በጊዜ ተኝቼ፣ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ነው የተነሳሁት።

ማክሰኞ

ለቅሶው ቤት መመለስ ነበረብኝ። እግሬ እምቢ አለ። አስካለ ጨርቅ የምትገዛ መስላ ሱቄ መጣች። ሰው የሚለውን ልንገርሽ አለች፤ አትንገሪኝ ሳልል ነገረችኝ። ግማሹ "ንቀት ነው" ይላል። ግማሹ "አርግዛ ነው"። በዚህ ዕድሜዬ! የቀረው ደግሞ ማታ ማታ ትጠጣለች ባይ ነው። ከሦስቱ እርግዝናው ሳይሻል አይቀርም።

ምን ይሆን? ደም ማነስ? ስኳር? እንቅርት? ሐሳብ? ውፍረት (ይህን ቀስ ብዬ ነው የጻፍኩት)።

ረቡዕ

ክሊኒክ ሄድኩ። ስኳር የለብኝም፤ ደሜ ግን ትንሽ አንሷል። ምግብ በልታችሁ ወዲያው ቡና አታስከትሉ፣ ቆይታችሁ ጠጡ፣ ብረቱን ይሻማባችኋል አለችኝ ሐኪሟ። ጅማ ላይ ይህን ብላ ማን ሰምቷት ያውቃል! ሰው ቁጭ ባለበት የሚተኛው ግን በዚህ ብቻ አይደለም አለች።

"ያንኮራፋሉ?" ራሴን ነቀነቅኩ። "ተኝተው ትንፋሽዎ ይቋረጣል?" ተኝቼ በምን አውቃለሁ? "እንግዲያው ባለቤትዎን ይጠይቁ።"

ሐሙስ

ቁርስ ላይ ተሾመን ጠየቅኩት። ጨጨብሳውን በማንኪያ እየነካካ፣ "ድንገት ጸጥ ትያለሽ" አለ። "ትከሻሽን ስነቀንቅሽ ትተነፍሻለሽ።"

ለምን አልነገርከኝም ብለው፣ እንዳታፍሪ ብዬ ነዋ አለኝ። እንቅልፍ አጥቶ ዓይኑ ሥር ሲጠቁር እኔ መጠጥ ጀምሯል ብዬ አምቼዋለሁ። ያውም ለአስካለ! የመጠጡ ወሬ ከየት እንደመጣ አሁን ገባኝ። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ዘይነባ ራሷ ሱቄ መጣች። እኔ መሄድ ሲገባኝ! መጋረጃው ኋላ መደበቅ አማረኝ።

"ብርቄ፣ ማል ታቴ? ምን ሆነሽ ጠፋሽ?"

አፍሬ ነው አልኳት። አንገቷን ደፋች። "እናቴም እንዲያ ነበር የምታንኮራፋው። ከሞተች ወዲህ ቤቱ በሰው ተሞልቶም ጭር ብሎብኝ፣ እንባዬም ደርቆብኝ ነበር። ያንቺን ስሰማ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።"

አብረን አለቀስን። የሐኪሟን ጥያቄና የተሾመን መልስ ስነግራት ግን ፊቷ ተለወጠ። አደ ከድጃ ያረፉት በእንቅልፋቸው ነው።

"እኛ እኮ ስታንኮራፋ እንስቅ ነበር" አለች። "ወላሂ፣ አንቺንማ አልቀብርሽም! ሰኞ ትልቁ ሆስፒታል እወስድሻለሁ።"

ስሸኛት አስካለ ደጅ ቆማለች። ዘይነባ ሳትጠየቅ "አሟት ነው፣ እኔው አሳክማታለሁ" አለቻት። አስካለ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

የእንቅልፍ መመርመሪያ እዚህ ይኑር አይኑር አላውቅም። ለጊዜው በጎኔ ልተኛ ነው። ተሾመን ቀስቅሰኝ ብዬዋለሁ፤ ዛሬ መብራት ማጥፋት ፈራሁ።