የታጠፈችው የናስትሮ ጫፍ

መጋቢት 3

ዛሬም ሙቀት። አንዲት ነጭ መኪና መጣች፤ ማቀዝቀዣዋ ጠዋት ያቀዘቅዛል፣ እኩለ ቀን ላይ ሙቅ አየር ይተፋል። ጋሼ ገና ኮፈኖው ሳይከፈት «የማቀዝቀዣው ጋዝ አንሶ ነው» አለ። ለሱ ሁሉም ነገር ጋዝ ነው… ታላቅ ወንድሜ ሆኖ እንጂ። ኮረንቲ መለኪያ ቴስተሬን ይዤ ከፊውዝ ጀመርኩ። ደህና። ሬሌውም ደህና። ሞተሩ እስኪግል ጠብቄ ጋዙን የሚገፋው ኮምፕረሰር ጋ ስለካ፣ ኮረንቲው ይደርሳል፣ መመለሻ ግን የለውም። ቦዲው ላይ የታሰረችው የግራውንድ ሽቦ ዝጋ ኖሯል፤ ስትሞቅ ትለቃለች። ፈትቼ፣ ፍቄ፣ አሰርኳት።

ሽቦዋን በጥቁሩ የናስትሮ ፕላስተር ጠቅልዬ ጫፏን አጠፍኩ። አባ ነው ያስተማረን፣ እኔንም ጋሼንም። «ነገ የሚፈታው ሰው በጥፍሩ አይቧጥጥ» ይል ነበር፣ ነፍሱን ይማርና። ከኛ ጋራዥ ሌላ እንዲህ የሚያጥፍ አላየሁም። ባለታክሲው ደንበኛዬ አንድ ቀን ባሳየው «ይቺን እጥፋት ካየሁ እንቅልፌን እተኛለሁ» ብሎኛል። መኪናውን ለኔ እንጂ ለጋሼ አይሰጥም።

መጋቢት 6

እማን ዓይን ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ቀኑ ወረፋ ላይ አለቀ። ማታ ጋራዡ እንዴት ዋለ ስለው ጋሼ «ሰላም» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

መጋቢት 19

ባለታክሲው መኪናውን አስጎትቶ መጣ። ኮምፕረሰሩ ነክሶ፣ አልዞር ብሎ ቺንጊያውን በጥሶታል፤ ተሳፋሪ እንደጫነ መሀል መንገድ ላይ ቀረ። ለካ እማን ሐኪም ጋ በወሰድኳት ቀን ማቀዝቀዣው እምቢ ቢለው ጋሼን «ለእህትህ ስጥልኝ» ብሎ መኪናውን ትቶ ሄዶ፣ ማታ መጥቶ ወስዷል።

ኮፈኖውን ከፈትኩ። የግፊት ስዊቹ ጋ… ሁለቱ ገመዶች በአንዲት ቁራጭ ሽቦ ተገናኝተዋል። ጋዝ ሲያንስ ኮምፕረሰሩን የሚያቆመው እኮ ስዊቹ ነው። እሱ ተዘሎ፣ ኮምፕረሰሩ ጋዙ አልቆ ሲሽከረከር ሰንብቷል። ለሙከራ ለአፍታ ይዘለላል፤ እኔም እዘላለሁ። እንዲህ ትቶ መስደድ ግን? ጋዙ በየት እንደሚያመልጥ መፈለግ ያደክማላ። ሽቦዋ በናስትሮ ተጠቅልላለች። ጫፏ ታጥፏል።

ጋሼን አየሁት። እሱ ባለታክሲውን አየ። «እህቴ ናት የነካችው» አለ፣ ረጋ ብሎ።

እኔ አይደለሁም፣ የዚያን ቀን አልነበርኩም አልኩ። ባለታክሲው ናስትሮውን በጣቱ ነካ።

«ልጄ፣ ይቺን ያሳየሽኝ ራስሽ ነሽ። ከእንግዲህ መኪናዬን አትንኪብኝ።»

እንዲህ የምናጥፈው ሦስት ሰዎች ነን። አንዱ ሞቷል። አንዱ ይዋሻል።

መጋቢት 20

ለእማ ነገርኳት። የዚያን ቀን አብረን አልነበርንም ወይ? ነበርን አለች። እንግዲያው ለባለታክሲው ንገሪልኝ አልኳት። «ወንድምሽ ልጆች አሉት፣ የጋራዡም ስም አለ። አንቺ ሴት ነሽ፣ ይረሱልሻል» አለች።

ይረሱልሻል! ገበና ይሸፈን ይባላል። መሸፈኛው እኔ መሆኔን ግን ማን ጠየቀኝ?

ጋሼንም ምሳ ላይ ለምን አልኩት። «ደንበኛ ባንቺ ላይ አይጨክንም፣ እኔን ግን አይምረኝም» አለኝ። አለኝና ጉርሻውን ዋጠ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይሉ የለ… ጠላሁት። ዛሬ ወንድሜን ጠላሁት።

መጋቢት 21

ቴስተሬን ይዤ ወጣሁ። ማንም ወዴት አላለኝም።

ሚያዝያ 16

የተቀጠርኩበትን አዲስ ጋራዥ ለመድኩት። አለቃው ክፉ አይደለም፣ ወሬው ግን ቀድሞኛል። በሠራሁት ሁሉ ላይ ጎንበስ ብሎ «ስዊች አልዘለልሽም አይደል?» ይለኛል። ቀልዱ ነው። ሁሉም ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ።

ዛሬ አንድ ፒክአፕ አየሁ፤ ማቀዝቀዣው የሚነፍሰው ሲፈልግ ብቻ ነው። የማራገቢያው ሽቦ ከብረት ጠርዝ ጋር እየተፋተገ ተልጦ ነበር። ቀጠልኩት። ናስትሮውን ስጠቀልል እጄ ራሱ ጫፏን አጠፈ።

ቆም አልኩ። አለቃው እያየኝ አልነበረም… ማንም አላየኝም። ፈታሁት። እንደገና ጠቀለልኩና ጫፏን ለጥ አድርጌ ለጠፍኩ። በጥፍሬ ሞከርኳት፣ አትያዝም።

አባ፣ ይቅር በለኝ። ነገ የሚፈታው ሰው ይቧጥጥ።