ግራሯን ጡት ያስጣሉት የወይዘሮ ይርገዱ ተዘራ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ይርገዱ ከአባታቸው ከአቶ ተዘራ ዓለምነውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ገበያነሽ በጎንደር፣ በአርማጭሆ ቆላ፣ እ.ኤ.አ. በ1955 ተወለዱ። እናታቸው ዓመቱን በቁጥር አያውቁትም፤ ዝናቡ ቀርቶ ግራር ብቻ የለመለመበት ዓመት ይሉት ነበር።

በ1975 አቶ ቢሆነኝን አግብተው ደስታዬን ወለዱ። በ1991 ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተነሥተው እስራኤል ገቡ፤ በርሆቮት ከተማ፣ ክርያት ሞሼ በተባለው ሰፈር ኑሯቸውን መሠረቱ፤ በዓመቱም ኦዴድ ተወለደ። ኡልፓን በሚባለው የአዲስ ገቢዎች የቋንቋ ትምህርት ቤት ዕብራይስጥ ተምረዋል፤ ሲናደዱ ግን መምህሯንም የሚመልሱላት በአማርኛ ነበር። ከ1996 ጀምሮ በቤኤር ያዕቆብ በኩል ባለ የችግኝ ጣቢያ የበረሃ ተክል ሲያፈሉ ኖሩ።

በ2011 ኦዴድን በአራቫ በረሃ ካለው የጦር ሰፈር ሊጠይቁ ሲሄዱ፣ ከደረቅ ወንዝ ዳር አንዲት ግራር አዩ። የልጃቸውን ናፍቆት እንኳ ለጊዜው ረስተው፣ ግንዷን ዳበስ አድርገው፣ «አንቺስ በየት በኩል መጣሽ?» አሏት። ከዘር ፍሬዋም በነጠላቸው ቋጥረው ተመለሱ። የሥራ ባልደረባቸው ዳፍና ግራር ስምጥ ሸለቆን ተከትላ፣ በአራዊት ሆድ ተጭና ከአፍሪካ እንደመጣች ነገረቻቸው። ሙቀቱ እየበረታ፣ የክረምቱ ጎርፍ እየራቀ ስለሄደ፣ ሽማግሌዎቹ ግራሮች ቆመው እየደረቁ መሆኑንም አልደበቀቻቸውም። በ2017 ሄደው ሲያዩ ያቺም ደርቃለች። እንደ ዘመድ አለቀሱላት። ልጇን ከቦታዋ ሳልመልስ አልሞትም ያሉት ያን ቀን ነው።

ችግኝ ወደ በረሃ የሚሄደው ውሃው ቀስ በቀስ እየራቀበት፣ ሥሩን ወደ ታች መስደድ ሲለምድ ነው። ወይዘሮ ይርገዱ ይህን «ጡት ማስጣል» ይሉት ነበር። በረንዳቸው ላይ ያሳደጓት የመጀመሪያዋ ችግኝ በ2019 አራቫ ተተክላ በመጀመሪያው በጋ ሞተች። ለካስ አቶ ቢሆነኝ ተደብቀው ያጠጧት ኖሯል።

«ጠምቷት ስታየኝ ጊዜ አንጀቴ አልችል አለ፤ ትንሽ ጠብ አደረግሁላት» አሉ።

«አንተ ሰው፣ ጡት ያልጣለች ልጅ በረሃ ሰደድክብኝ!» ብለው አኮረፏቸው። ኩርፊያው ግን አልሰነበተም፤ ሰው በርኅራኄው እስከ መቼ ይኮረፋል?

ከቀሩት ፍሬዎች አንዲት ብቻ በቀለች። ያኔ የልብ ድካሙ ጀምሯቸው ነበር። በመጨረሻዎቹ ወራት በህልማቸው ግራሮቹ በሄርዝል ጎዳና ተሰልፈው ሲመጡ ያዩ ነበር፤ አውቶብሱም ቆሞ ያሳልፋቸዋል፤ ከፊት ያለችው በራቸውን ስታንኳኳ ይነቃሉ። ከህልማቸው ሲነቁ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፤ «ቢሆነኝ፣ አጠጣሃት?» አቶ ቢሆነኝም፣ «ቤሰደር፣ እሺ፣ ተራዋ ሳይደርስ አልነካትም» ይሏቸው ነበር።

ወይዘሮ ይርገዱ እ.ኤ.አ. ኦገስት 19 ቀን 2025፣ በሰባ ዓመታቸው፣ ባለቤታቸው እጃቸውን ይዘው ሳሉ ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆችንና አምስት የልጅ ልጆችን ትተዋል።

ግራሯን በመጪው ክረምት፣ ጎርፉ ሲወርድ፣ ከእናቷ አጠገብ እንተክላታለን። ለቅሶ ልትደርሱን ስትመጡ በረንዳው ላይ ቅጠሏ ሳስቶ ታዩዋታላችሁ። አቶ ቢሆነኝ እንኳ ችለውላታልና፣ አዝናችሁ ውሃ እንዳትሰጧት አደራ። ለወይዘሮ ይርገዱ ግን የእስራኤል አምላክ ውሃ አይንሳቸው፤ ነፍሳቸውን በማይነጥፍ ምንጭ ዳር፣ በለመለመ ግራር ጥላ ሥር ያሳርፍልን።