የማልቆርበው ለምንድን ነው?

እሑድ፣ ጥቅምት 9። ከቅዳሴ መልስ

ጫማዬን አውልቄያለሁ። እግሬ አብጧል። ታክሲ ጠፍቶ ከቤቴል በእግሬ ነው የመጣሁት። ባሌ ይልማ ሶፋው ላይ ተዘርሯል፤ የእሱ ቅዳሴ እንቅልፍ ነው።

ደብተሬ፣ ዛሬ አንድ ነገር አላስቀምጥ ብሎኛል። ዲያቆኑ በግዕዝ ሲያዜም ምን እንደሚል ሳላውቅ ራሴን እነቀንቃለሁ። ዛሬ አጠገቤ የቆሙት እማማ ወርቄ አማርኛው ከጎኑ ያለበት መጽሐፈ ቅዳሴ ይዘው ነበር። አጮልቄ አየሁ። (የሰው ነገር ማየት እንደምወድ ታውቂያለሽ።) ትምህርት ላይ ያሉት፣ ገና ያልተጠመቁት ይውጡ ማለቱ ነው ለካ። ማንም አልወጣም። የሚቀረው ሰው ሊቆርብ አይደል የሚቀረው? ታዲያ እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የምቀረው ምን ልሠራ ነው? ሕፃናቱ ቆረቡ። አሮጊቶቹ ቆረቡ። መሃል ያለነው ነጠላችንን አስተካክለን አየናቸው።

ስንወጣ እማማ ወርቄን ጠየቅኳቸው። ገና ልጅ ነሽ፣ ምን አስቸኮለሽ አሉኝ። 47 ዓመቴ ነው!

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። ረፋድ፣ ሱቅ

ሥራ ቀዝቅዟል። የዩኒፎርም ወቅት አለፈ፤ ያለው ቁልፍ መትከልና ሱሪ ማሳጠር ነው። ማሽኑ ዝም ሲል ሐሳብ ይበዛል።

ሰፈራችን 18 ማዞሪያ ላይ የማላውቀው ወሬ የለም። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ልጅ ለምን ሥራ እንደለቀቀች። ይልማ መርማሪዋ ይለኛል። እግዚአብሔርን ግን አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም። ልጅ ሆኜ ሥላሴ እንዴት ሦስትም አንድም ይሆናሉ ብዬ አባቴን ስጠይቅ የመለሰልኝ በኩርኩም ነበር። ከዚያ ወዲህ መጠየቅ ኃጢአት መሰለኝ። አሁን ሳስበው እሱም አያውቀውም ነበር። ተናደድኩ። ቆይቶ ግን አሳቀኝ።

ቅዳሜ የንስሐ አባቴ ጋ እሄዳለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15። ከቀኑ 10፡00

አባን፣ የንስሐ አባቴን፣ ቤ/ክ ግቢ ዛፉ ሥር አገኘኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልተቆጡም። እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ አሉኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጥን። የሥላሴንም ጠየቅኩ፣ የቅዳሴውንም፣ የሆነ ያልሆነውን ሁሉ። የማያውቁት ላይ ሲደርሱ አላውቀውም ልጄ፣ አንብቤ እነግርሻለሁ ይላሉ። ቄስ አላውቅም ሲል ሰምቼ አላውቅም፤ ይበልጥ አመንኳቸው።

መቁረብ ለሽማግሌ ነው ያለሽ ማን ነው አሉ። አሰብኩ። ለካ ከእማማ ወርቄ በቀር ማንም አላለኝም። ሲደረግ እያየሁ ነው ያደግኩት።

ግን ባለትዳር ነሽ አሉ። በሰማንያ ነው የተጋባችሁት፤ ንስሐ ገብታችሁ አብራችሁ ነው የምትቆርቡት። ከዚያ በኋላ መለያየት የለም። የማላውቀው ነገር አይደለም፤ ቢሆንም ልቤ ድንግጥ አለ።

ይኸውልሽ፣ የዛሬ ስድስት ዓመት ይልማ ልብሱን ሰብስቦ ዓለም ባንክ ሰፈር ወንድሙ ቤት አምስት ወር ኖሯል። ለምን እንደሄደ አውቃለሁ፤ በየቀኑ ነበር የምንጣላው። አንድ ቀን ተመለሰ። ለምን እንደተመለሰ ግን እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም። የሰፈሩን ሰው ሁሉ የምመረምር ሴትዮ!

ይህንንም ለአባ ነገርኳቸው። መጀመሪያ እሱን ጠይቂው አሉኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

አልጠየቅኩም። ኳስ እያየ ነበር። ሰበብ ነው፣ ፈርቼ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19። ምሽት 1፡00

ጠየቅኩት። ሲበይድ ውሎ ገብቶ እጁን እየታጠበ ነበር። እንቁረብ አልኩት። ቧንቧውን ዘጋ። እንዳይቀርብኝ ብዬ ያኛውንም አስከተልኩ፤ ያኔ ለምን ተመለስክ?

ፎጣ አንስቶ እጁን አደረቀ። ከዚያ ነገረኝ። የመጣው የብየዳ ማሽኑን ወስዶ በዚያው ሊሄድ ነበር። እኔ ምንም ሳልናገር ምሳ አቀረብኩለት፤ አፈረ። ዛሬን ልደር አለ። ከዚያ ነገን። በይሉኝታ ነው የቆየሁት አለኝ። መውደዱ በኋላ ነው የመጣው፤ መቼ እንደመጣ አያውቀውም።

እኔ ደግሞ ስድስት ዓመት ሙሉ ናፍቄው ነው የመጣው እያልኩ ስኩራራ! አለቀስኩ። ፎጣውን ይዞ ቆመ። ቆይቶ፣ ይህን አውቀሽም ከእኔ ጋር ትቆርቢያለሽ ብሎ ጠየቀኝ። አልመለስኩለትም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21። ሱቅ

ሁለት ቀን አላናገርኩትም። የሰው ሱሪ አንድ እግሩን ብቻ አሳጥሬ ሰቅዬዋለሁ።

አመመኝ፣ ደብተሬ። ግን ሳስበው፣ ናፍቄው መጣ የምለውን ይልማ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ይህኛው ዋሽቶ ሊያስደስተኝ ሲችል እውነቱን ነገረኝ። ከፈጠርኩት ይልቅ ይህኛውን ማመን ይቀለኛል።

እግዚአብሔርንም እንዲሁ ይዤው ኖሬያለሁ። መልሱ እንዳያስደነግጠኝ ብዬ ሳልጠይቀው፣ ከሩቅ። ከአባ ጋር ከተቀመጥኩ ወዲህ ጸሎቴ ሌላ ሆኗል። የተለመደውን ደግሜ ስጨርስ ቁጭ ብዬ አወራዋለሁ። ይህ ይህ አልገባኝም እለዋለሁ። ድሮ እንዲህ ብለው የሚርቀኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ቅርቤ ነው። ልጽፈው አፍሬ ነበር፤ ደስ ብሎኛል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22። ጠዋት 2፡00

ቁርስ ላይ ነገርኩት። እቆርባለሁ፤ ካንተ ጋር፣ እያወቅኩ።

ዳቦውን አስቀመጠ። ዓይኑ ቀላ። እሺ፣ ግን እፈራለሁ አለ። ምኑን ስለው ብዙ ነው። ከቆረቡ በኋላ ቢሳሳቱስ? የሥራ ጠባይ ለጾሙ ባይመችስ? አንቺ አባን ጠይቂልኝ አለ። አልጠይቅልህም አልኩት። መጥተህ ራስህ ጠይቅ።

ለአባ ደወልኩላቸው፤ 3፡00 ላይ ይጠብቁናል። ጓዳ ሸሚዙን እየተኮሰ የሚጠይቀውን ጮክ ብሎ ይለማመዳል። አራት ደርሷል። አምስተኛው ስለ እኔ ነው መሰለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎታል፤ ጠጋ ብዬ ልስማው።