የሉባባ ወዚር

ሰኞ፣ ጥር 10፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ዛሬም ስድስት የሻይ ብርጭቆ ብቻ አጠብኩ። ሁለቱ የጌታዬ የዶ/ሩ የራሱ ናቸው። ሂዝቡ፣ ዶ/ሩ የሚመራው ፓርቲ፣ ሳይሰነጠቅ በአንድ ጠዋት አርባ አጥብ ነበር። ያኔ እጄ ተላጠ ብዬ አማርር ነበር፤ አሁን እጄ መዳኑ ያናድደኛል።

ታውቂያለሽ ደብተሬ፣ እኔ ፖለቲካ የማውቀው በብርጭቆ ነው። ማን ስኳር እንደሚያበዛ፣ ማን ከማን አጠገብ እንደማይቀመጥ። ኡስታዝ ኸሊል ሦስት ማንኪያ ነው። እዚሁ ሳሎን ሦስት ማንኪያውን ሲጠጣ ኖሮ የሂዝቡን ግማሽ ይዞ ወጣ። አዲስ ስም፣ አዲስ ባንዲራ። ጥምር መንግሥቱ ውስጥ ገባ። ወዚር ሆነ፤ ሚኒስትር ማለት ነው።

የወዚሩ ቤት ሠራተኛ ማን ናት? ሉባባ! ከአገሬ ከባቲ ያስመጣኋት፣ አረብኛ ያስተማርኳት፣ እዚህ ማንሺያ ሰፈር አጥር ለአጥር ያስቀጠርኳት እኔ። ዛሬ በመንግሥት መኪና ገበያ ስትሄድ አየኋት። ከኋላ ወንበር ላይ! እጇን አወዛወዘችልኝ። ቀናሁ። ምን እደብቅሻለሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 12፣ 9 ሰዓት

ሉባባ መጣች። አዲስ ቶብ ለብሳለች፣ የአገሬው ሴቶች የሚከናነቡትን ረጅም ጨርቅ፤ እመቤቷ ሸልማት ነው። ትልልቆቹ እንግዶች በስሟ ይጠሯታል አሉ። ምቀኛ አታሳጣኝ ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። በጥርሴ ብቻ።

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ኸሊል ጥምረቱን ትቶ ወደኛ ዶ/ር ሊመለስ ነው። ጁምዓ፣ እሷ በምትሠራበት ቤት፣ በድብቅ ይገናኛሉ። «ወላሂ ላንቺ ብቻ ነው እህቴ» አለችኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ብርጭቆዎቼ ሊመለሱ ነው። ግን አሥራ አንድ ዓመት ያገለገልኩበትን ቤት ምስጢር ከሉባባ ልስማ? ለዶ/ሩ ሻይ የምታቀርበው ደግሞ እሷ! ስኳር እንደማይነካ አታውቅም። አልነገርኳትም። ትዋረድ።

ሐሙስ፣ ጥር 13፣ 6 ሰዓት

ሽንኩርት እየላጥኩ ለዶ/ሩ ሚስት ለሲት ነህላ ነገርኳት። እኔም የማውቀው አለ ለማለት ያህል። ባሏ ለሷም አልነገራትም ኖሯል፤ ፊቷ ተለዋወጠ። ወዲያው እህቷ ጋ ደወለች። የእህቷ ባል የሌላ ሂዝብ ሰው ነው።

11 ሰዓት። ወሬው በየሰዉ ስልክ ላይ ነው። ካፍ የወጣ አፋፍ።

ቅዳሜ፣ ጥር 15

ስብሰባው ቀረ። ኸሊል በቴሌቪዥን ወጥቶ ሐሰት ነው ብሎ ማለ። ከቤት ወሬ ያወጣው ማነው ተባለ፤ ሉባባ ተባረረች። ቶቡን አስወልቀው። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ በነሱ ስም ነው፤ መንገድ ላይ ፖሊስ ወረቀት ቢጠይቃት ምን ትላለች?

አንድ ፌስታል ይዛ ደጃችን መጣች። ሹፌሩ ነው ያሳበቀብኝ ትላለች። ለኔ መንገሯን ረስታው አይደለም። እኔን መጠርጠር አልሆነላትም። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር አለች። ፌስታሏን ያዝኩላት።

ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር፣ የወሎ ልጆች ተከራይተው የሚኖሩበት ቤት በረክሻ፣ በባጃጅ፣ ሄደች። የሚያሳፍረኝንም ልጻፈው፦ ረክሻው ሲታጠፍ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 25

አርባ ሁለት ብርጭቆ! ኸሊል መጣ። በዋናው በር፣ ካሜራ አስከትሎ። እሱ ከጥምረቱ አልወጣም፤ የኛ ዶ/ር ገባ። ተቃቀፉ። ሂዝቡ እንደገና አንድ ሆነ፤ የሁለቱ ስም ተቀጥሎ ስሙ ረዝሟል። ባለፈው ወር አንዱ ሌላውን ከሃዲ ሲለው በጆሮዬ የሰማሁ ሴት፣ ሦስት ማንኪያ አማሰልኩለት።

የኸሊል ሚስት ሠራተኛ አጥታለች። ሲት ነህላ እኔን ልትሰጣት ቃል ገብታለች፤ ለዕርቁ ማጠናከሪያ መሆኔ ነው። ከቅዳሜ ጀምሮ። ደሞዙ ይሻላል። መኪናው አለ። የተመኘሁት ሁሉ።

ሐሙስ፣ ጥር 27

ሉባባ ደወለች። ሰምታለች። እንኳን ደስ ያለሽ አለችኝ፣ ከልቧ። የእመቤቲቱን ጠባይ አንድ በአንድ አስረዳችኝ፦ ጠዋት አታናግሪያት፣ ሰላጣ ላይ ኮምጣጤ አትወድም፣ ሸሚዝ በራስሽ እጅ ተኩሺ። እዚያ እንዳትቸገሪብኝ ብዬ ነው አለች። ስልኩን ዘግቼ ማድቤት ወለል ላይ ቁጭ አልኩ።

ጁምዓ፣ ጥር 28፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ለሲት ነህላ ተናገርኩ። ሉባባ ለኔ ብቻ ነው የነገረችው፣ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ እዚያ ቤት አልሄድም፣ እሷ ትመለስ አልኳት። ሳቀች። እህቴ ጋ የደወልኩት እኔ አይደለሁም እንዴ አለች። ኸላስ፣ አለቀ፣ ወንዶቹ ታርቀዋል፣ ማን ያስታውሰዋል አለች። እንግዲያው ሉባባን መልሷት አልኩ። እሱ ሌላ ነው አለችኝ፤ የሷ ስም አንዴ ጠፍቷል። ከዚያ እንግዳ መጣ፣ ያላ፣ ቶሎ ሻይ አለች።

ሻዩን አቀረብኩ። አሁን ሻሼን አስሬ ወጥቻለሁ። ይህን የምጽፍልሽ ረክሻ ውስጥ ሆኜ ነው፣ ፊደሌ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ። ሐጅ ዩሱፍ ልንገባ ነው። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከኔ አፍ ትስማው። ይቅር በይኝ አልላትም። እኔ ነኝ፣ እላታለሁ።